ውሃ የማትይዝ ጀልባ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ጀልባ ልገዛ ነው ስል ሸዋ ሮቢት ውስጥ ያልሳቀብኝ ሰው የለም። አይፈረድባቸውም። የእኛ ከተማ ወንዝ በክረምት ድልድዩን ሊወስድ ይደርሳል፤ በበጋ ደግሞ ፍየል ጉልበቷን ሳታረጥብ ትሻገረዋለች። ጎረቤቴ የሆነው ባለሱቅ ለሳምንት ያህል ባየኝ ቁጥር "ካፒቴን፣ ማዕበሉ እንዴት አደረ?" ይለኝ ነበር። እኔም "አልሐምዱሊላህ፣ ጸጥ ብሏል" እያልኩ አልፈው ነበር።

ዕድሜዬን ሙሉ የውሃ ፓምፕ መካኒክ ነበርኩ፤ መጀመሪያ በመንግሥት እርሻ፣ ኋላ ደግሞ በወረዳው መስኖ። በቀወት ቆላ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያጠጣ ሞተር ሁሉ አንድ ቀን በእጄ ሳያልፍ አልቀረም። ስለ ውሃ የማውቀው ነገር ቢኖር ከታች ወደ ላይ እንዴት እንደሚሳብ ነው። ውሃ ላይ ስለመሄድ ግን አስቤ አላውቅም። ያሰብኩት በባለቤቴ ምክንያት ነው።

ባለቤቴ ነርስ ነበረች። ክትባት ይዛ ያልደረሰችበት የይፋት ቀበሌ የለም። አሊዩ አምባ በበቅሎ ደርሳለች። መኪና ሲጠፋ የሽንኩርት ጆንያ በጫነ አይሱዙ ላይ፣ የመድኃኒት ሣጥኗን ታቅፋ፣ ሌላ ሴት ሦስት ጊዜ በምታስብበት መንገድ ሄዳለች። በትዳራችን ቤት ጠባቂው እኔ ነበርኩ። ከሥራ ገብቼ ልጃችንን አብልቼ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ፤ እሷ አቧራ ለብሳ ትመጣና ጫማዋን ሳታወልቅ ያየችውን ትነግረኛለች። ወሬዋ ከእኔ ሬዲዮ ይበልጥ ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት እህቷን ጠይቃ ከአጣዬ ስትመለስ የተሳፈረችበት ሚኒባስ መንገድ ላይ ተኩስ መሐል ገባ። ማን በማን ላይ እንደሚተኩስ ያኔም አላወቀችም፤ ኋላም ማወቅ አልፈለገችም። ተሳፋሪው ወርዶ ማሽላ ውስጥ ገባ። እሷም ከማታውቃት ሴት ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ መሬት ላይ ተኝታ ዋለች። በማግሥቱ በእግሯ ቤት ደረሰች። አልቆሰለችም። ታጠበች፣ በላች፣ ተኛች። እኔም አላህን አመስግኜ ነገሩ በዚያው ያለቀ መሰለኝ።

አለማለቁን ያወቅኩት ቀስ በቀስ ነው። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ከባጃጅ የሚበልጥ ነገር አልተሳፈረችም። ባጃጁም ቢሆን ከከተማው እንዳይወጣ ነው። ከከተማ የሚያስወጣ ጉዳይ በመጣ ቁጥር "ወገቤን" ትላለች። ልጃችን ደብረ ብርሃን ስታገባ እንኳ አልሄደችም። ደብረ ብርሃን ማለት ቁርስ በልተው ቢነሱ ለምሳ የሚደረስበት ነው። እኔ ብቻዬን ሄጄ ዘመድ በጠየቀኝ ቁጥር "ወገቧን አሟት ነው" እያልኩ ስዋሽ ዋልኩ። ልጄ ምንም አልጠየቀችኝም። የሙሽራ ልብሷን እንደለበሰች ለእናቷ በቪዲዮ ደወለች፤ ሁለቱም እየሳቁ አወሩ። ስልኩ ሲዘጋ ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ለረጅም ጊዜ ቆመች። እኔ ያን ቀን፣ አንድ ነገር ካላደረግሁ ይህች ሴት ከሸዋ ሮቢት ሳትወጣ ትሞታለች ብዬ አሰብኩ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ጅልነት ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የመጣ ነው።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ለፓምፕ ተከላ ዝዋይ ተልኬ ነበር። ሐይቁ ዳር ቆሜ ቧንቧ ስቀጥል ትንሽ ቤት ያላት ጀልባ ቀስ ብላ በፊቴ አለፈች። ቤቷ መስኮት አለው፤ መስኮቱ መጋረጃ አለው። ከኋላዋ ገመድ ተወጥሮ ሁለት ልብስ ተሰጥቶበታል፤ አንድ ሸሚዝና አንድ ቀሚስ። ዓሣ የሚጠመድባት ሳትሆን ሰው የሚኖርባት ጀልባ ናት ማለት ነው። ሸዋ ሮቢት ከተመለስኩ በኋላም ያ ቀሚስ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ውሃ ላይ ኬላ የለም፣ ውሃ ላይ ማሽላ የለም፣ ሰው ተደብቆ የሚጠብቅበት ጥግ የለም፣ ዙሪያውን ያለው ነገር ሁሉ ይታያል ብዬ አሰብኩ። ባለቤቴ እዚያ ላይ ብትቀመጥ አትፈራም።

የነገርኳት የአንዲት ጎረቤታችንን የደም ግፊት ስትለካ ነው። ጡረታ ብትወጣም ሰፈሩ አላሰናበታትም። ለክታ እስክትጨርስ ጠብቄ ነገሩን አፈረጥኩት።

"ጀልባ?" አለች።

"ቤት ያላት። አልጋ አላት። የሐይቁን ዳር ዳር እያልን፣ የወደድንበት እያሰርናት፣ ዓሣ እየበላን ወር ሁለት ወር እንቆያለን። አንድ ቦታ ሲሰለችሽ ፈተን ወደ ሌላው ነው።"

"የት ነው ያለችው?"

"ዝዋይ።"

"ዝዋይ በምንድን ነው የሚኬደው?"

የደም ግፊት መለኪያውን ማጣጠፍ ጀመርኩ።

"በመኪና አይደል?" አለችና ወደ ጎረቤታችን ዞራ ጨው እንድትቀንስ ትመክራት ጀመር።

እኔ ያለቀልኝ መስሎኝ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ግን ሻይዋን ይዛ በረንዳ ላይ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። "እስቲ አንተ ሰው፣ አልጋው ምን ያህል ይረዝማል?" አለችኝ። አላውቅም አልኩ። "አየህ፣ ሳታውቅ ነው የምታወራው። እግሬን ዘርግቼ ካልተኛሁ አይሆንም። በሩ ከውስጥ ይቆለፍ። ቁጭ ብዬ የምጸዳዳበት ነገር ይኑራት፤ እንደ ልጅ ዳር ላይ አልንጠለጠልም። መወጣጫዋ ለጉልበቴ ከፍ እንዳይል። ይህን ካሟላች አስብበታለሁ።"

እመጣለሁ አላለችም። ነገር ግን ወገቤንም አላለችም። "አስብበታለሁ" የሚለውን ቃል ከአፏ ከሰማሁ አራት ዓመት አልፎኝ ስለነበር እንደ ቁርጥ ቃል ቆጠርኩት። ጀልባዋ በልኳ ከሆነች ትመጣለች፤ ካልሆነች ትቀራለች። ነገሩ ለእኔ ይህን ያህል ግልጽ ነበር። ሲባጎ አምጥቼ እንድትጋደም ለመንኳትና ከራሷ እስከ ተረከዟ ለካኋት።

"ለከፈን ነው እንዴ?" አለችኝ ተጋድማ።

"ለአልጋ ነው። ዝም ብለሽ ተኚ።"

የበረንዳችን ደረጃ ለጉልበቷ ልክ መሆኑን ስለማውቅ የእሱንም ከፍታ ለክቼ ሲባጎው ላይ ቋጠሮ አሰርኩ። ረመዳን ካለፈ በኋላ ሲባጎዬንና ረጅሙን ካቻቢቴዬን በቦርሳ ይዤ ወደ ዝዋይ ሄድኩ። መንገዱ ሰላም ነበር። ምንም የሚነገር ነገር አልገጠመኝም፤ ይህንኑ ደውዬ ነገርኳት። እሷ ግን "ደረስክ? በል ጥሩ" ብላ ሌላ ወሬ አመጣች።

ያገለገለ ጀልባ የሚሸጥበት ገበያ የለም። ደላላ አለ፤ ደላላው ደግሞ ቤት የሚያከራየውም፣ በሬ የሚያሻሽጠውም፣ መኪና የሚያገናኘውም ያው አንዱ ሰው ነው። ቤት ያላቸው ጀልባዎች በሐይቁ ዙሪያ ሦስት ብቻ ለሽያጭ እንዳሉ ነገረኝ። ሦስቱንም አሳየኝ።

የመጀመሪያዋ የብረት ናት። የሱቅ በር የሚበይድ ሰው እንደሠራት ሳይነግሩኝ ገባኝ፤ የቤቷ መዝጊያ በሁለቱም በኩል የጓጉንቸር መቀርቀሪያ ነበረው። እጄን ወደ ውስጥ ሰደድኩና መልሼ አወጣሁት። እኔ የሸዋ ሮቢት ሰው ነኝ፤ ስለ ሙቀት የሚያስተምረኝ የለም፤ እዚያ ውስጥ ሰው ቢተኛ ጠዋት በስሎ ነው የሚገኘው። አልጋውን ለመለካት ሲባጎዬን ማውጣትም አላስፈለገኝም። ሁለተኛዋ የእንጨት ነበረች፣ ታምራለች፣ አልጋዋም ከሲባጎዬ ይተርፋል። ሞተሯን አስነሱልኝና ካቻቢቴዬን አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። ኩሽኔታው አልቋል። ባለቤቱ "ድሮም ድምፅዋ እንዲህ ነው" አለኝ። ይህን ምክንያት ከሽንኩርት ገበሬዎች አፍ ስሰማው የኖርኩት ነውና ተሰናብቼው ሄድኩ።

ሦስተኛዋ ነጭ ናት፣ የፋይበር። ከውሃ ወጥታ ሐይቁ ዳር በሁለት ግንዶች ላይ ተቀምጣለች፤ አንዱ ግንድ ከፊቷ፣ አንዱ ከኋላዋ። ባለቤቷ ከእኔ በዕድሜ ከፍ ያሉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። በፊት የአንድ ማረፊያ ቤት እንግዶች ይንሸራሸሩባት ነበር፤ ኋላ እሳቸው ገዝተው እንደ ዓይናቸው ብሌን ሲጠብቋት እንደኖሩ ታስታውቃለች። ሲባጎዬን አልጋው ላይ ዘረጋሁ፤ አልጋው በአንድ ጋት በለጠ። መወጣጫዋን ለካሁ፤ ቋጠሮው ላይ ልክ አረፈ። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል። ከመጋረጃ በስተጀርባ ክዳን ያለው መቀመጫ አለ፤ ባለቤቷ ክዳኑን ከፍተው ዘግተው አሳዩኝ። ሞተሯን አዳመጥኩ፤ አንድ የሚያንኳኳ ነገር የለም። ወደድኳት፤ ዞር ብዬ ለባለቤቴ ደውዬም አንድ እንከን የላትም አልኳት። መውደዴ እንዳይታወቅብኝም ፊቴን አጨማደድኩ።

እዚህ ላይ ስለ አገሬ አንድ ልማድ ልናገር። በእኛ ቆላ ውሃ የሚጠራቀምበት ዕቃ ሲገዛ፣ በርሜልም ይሁን ሮቶ፣ የመድኃኒት መርጫም ይሁን ጀሪካን፣ መጀመሪያ ውሃ ይሞላበታል። ከዚያ ሻጭና ገዢ ቁጭ ብለው ሻይ ይጠጣሉ። ሻዩ ሲያልቅ ሥሩ ደረቅ ከሆነ "ይይዛል" ይባላል፤ ዋጋው የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ይይዛል ማለት ታላቅ ምስጋና ነው። ምስጢር የሚጠብቅን ሰው እንኳ "እሱ ይይዛል" እንላለን። እኔም ጀልባዋን ሁለት ጊዜ ዞሬ እንደጨረስኩ፣ ለሸዋ ሮቢት በርሜል ነጋዴ የማቀርበውን ጥያቄ አቀረብኩ።

"ውሃ ትይዛለች?"

ሰውየው ፊታቸው ተለወጠ። "ምን አሉ?"

"ውሃ። ትይዛለች ወይ?"

"የኔ ጀልባ?" አሉ። "ይስሙኝ ወንድሜ። ከእኔ ጋር ከሆነች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አንድ ቀን፣ አንዲት ጠብታ ይዛ አታውቅም።"

"ትንሽም?"

"ትንሽም!"

ልቤ ወረደ። እንዴት ያሉ ሐቀኛ ሰው ናቸው አልኩ በሆዴ፤ የገዛ ዕቃቸውን ቀዳዳ ነው ብለው በኩራት የሚናገሩ። አልጋው በልኳ፣ መወጣጫው በልኳ፣ በሩ በልኳ ሆኖ ሳለ ጀልባዋ የምታፈስ መሆኗ አንጀቴን በላው። ሌላ አራተኛ ጀልባ የለም። ይህችን ካልገዛሁ ባዶ እጄን እመለሳለሁ፤ ባለቤቴም "አስብበታለሁ" ያለችውን ትረሳዋለች። ቀዳዳው ትንሽ ይሆናል፤ ቦታውን ካገኘሁት እደፍነዋለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሚያፈስ ነገር ስደፍን አይደል የኖርኩት።

በዚያ መሐል ሰውየው ስልክ ተደወለላቸው፤ የጎረቤት ቀብር ነበረባቸው። "እስክመለስ እንደ ልብዎ ይዩዋት፣ ይፈትሿት" ብለውኝ ሄዱ። ደላላውም ለቀስተኛ ነኝ ብሎ አብሯቸው ሄደ። ይፈትሿት ነው ያሉት። እኔ ደግሞ የምፈትሽበት አንድ መንገድ ብቻ ነው የማውቀው።

ከጀልባዋ አጠገብ አንድ ገበሬ ከሐይቁ እየሳበ ቲማቲሙን ያጠጣል። ፓምፑ ጥቁር ጭስ እየተፋ ይነጫነጫል። ካንዴላውን ፈትቼ ጠረግሁለት፣ የአየር ማጣሪያውን አራገፍኩለት፤ ፓምፑ ድምፁ ቀና። ምን ልክፈልዎ ቢለኝ ቱቦህን ለግማሽ ሰዓት አውሰኝ አልኩት። ሳይጠይቀኝ ሰጠኝ። ቱቦውን በጀልባዋ ጠርዝ አሻግሬ ወደ ውስጥ ለቀቅኩት። ቀዳዳ ከውስጥም ከውጭም ያው ቀዳዳ ነው፤ ውሃ የሚያስገባ ካለ ውሃ የሚያስወጣውም እሱ ነው። ዛሬም ቢሆን ይህ ሐሳብ ስሕተቱ የት ላይ እንደሆነ ለማስረዳት ትንሽ ይከብደኛል።

ሐይቁ ዳር ሻይ የምታፈላ ሴት ነበረች። አንድ ሻይ አዝዤ የጀልባዋ ሆድ በሚታየኝ በኩል ተቀመጥኩ። ውሃው ወለሉን ሸፈነ፣ መቀመጫዎቹ ጋ ደረሰ፣ ወደ አልጋው ከፍ አለ። ሥሯ ደረቅ ነው። ሻዬን ፉት አልኩ፤ አሁንም ደረቅ ነው። ትይዛለች። ባለቤቷ የራሳቸውን ጀልባ አያውቋትም ማለት ነው ብዬ ደስ እያለኝ ሁለተኛ ሻይ አዘዝኩ።

ሁለተኛው ሻይ ሳይመጣ "ቋ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የጀልባዋ ሆድ በሁለቱ ግንዶች መካከል ወደ ታች ረገበና ተሰነጠቀ። የሞላሁት ውሃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ፤ የሻይዋን ምድጃ አጠፋ፣ በርጩማዎቹን ገለበጠ፣ እኔንም እስከ ጉልበቴ አረጠበኝ። ገበሬው ሮጦ ፓምፑን አጠፋ።

ሻይ የምታፈላው ሴት ምድጃዋን አየችው፣ ጀልባዋን አየቻት፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። "ጋሼ" አለችኝ በትሕትና፣ "ጀልባ ውሃ ላይ ይደረጋል እንጂ ውሃ ጀልባ ላይ ይደረጋል?"

ሰውየው ከቀብር ሲመለሱ ግንዱ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን አውልቄ አገኙኝ። ጀልባዋን ዞሩ፣ አጎንብሰው ሆዷን አዩ፣ በጣታቸው ስንጥቁን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተሉት።

"ምን አደረጉ?" አሉኝ።

"ውሃ ሞላሁባት። ትይዝ እንደሆነ ላይ ብዬ።"

"ያዘች ወይ?"

"ይዛ ነበር" አልኩ።

ሰውየው አጠገቤ ተቀመጡ። እኔም ከበርሜሉ ጀምሬ፣ ከሻዩ፣ "ይይዛል" ከሚለው ቃል ጀምሬ ነገሩን ሁሉ አስረዳኋቸው። እየሰሙኝ ፊታቸው ቀስ በቀስ ተፈታ። ለካ በእነሱ ዘንድ ጀልባ ውሃ ያዘች ማለት ዘለቀባት፣ ልትሰጥም ነው ማለት ኖሯል። እኔ ስጠይቃቸው የሰደብኳቸው መስሏቸው፣ እሳቸው ሲመልሱልኝ ያዋረዷት መስሎኝ። "በሉ እንግዲህ" አልኳቸው፣ "የሰበርኳት እኔ ነኝ፣ እወስዳታለሁ።" ዋጋዋን ደህና እንደሆነች አድርገን ተስማማን፤ ከዚያ በላይ ስለ ገንዘቡ አላወራም። እሳቸውም የፋይበር አጠጋገን ሊያሳዩኝ ቃል ገቡልኝ። ለሻይዋ ሴት ምድጃውን እኔው አቀጣጠልኩላት።

አመሻሹ ላይ ባለቤቴ ደወለች።

"መቼ ነው የምትመጣው?"

"ትንሽ እቆያለሁ።"

"ለምን?"

"ጀልባዋ መጠነኛ ጥገና ያስፈልጋታል።"

"ጠዋት ደውለህ አንድ እንከን የላትም ብለኸኝ አልነበር?"

"ጠዋት አልነበረባትም።"

ባለቤቴ ልጃቸውን ያላስከተቡ እናቶችን ስትመረምር የኖረች ሴት ናት። ከእሷ ፊት የቆመ ውሸት ሦስት ጥያቄ አይሻገርም። ነገርኳት። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝና "ሃሎ" አልኩ። ከዚያ አንድ ድምፅ መጣ፤ መጀመሪያ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

"ውሃ ሞላህባት?" አለችኝ። "እንደ በርሜል?"

ሳቀች። ስልኩን ሳትዘጋ ጎረቤታችንን ጠርታ ነገረቻት፤ ስትነግራት ያላልኩትንም ጨመረችበት፤ ሁለቱ ሲንፈራፈሩ ይሰማኛል። በነጋታው ከተማው ሁሉ እንደሚሰማው አውቄአለሁ፤ ባለሱቁ ምን እንደሚለኝም አውቄአለሁ። ግድ አልሰጠኝም። እንደዚያ ስትስቅ ከሰማኋት ብዙ ጊዜዬ ነው። ናፍቃኝ ነበር። አንድ ቤት ውስጥ አብረን እየኖርን፣ አንድ ማዕድ እየበላን፣ ባለቤቴ ናፍቃኝ ነበር። ሐይቁ ዳር ብቻዬን እርጥብ ሱሪ ለብሼ ቆሜ ይህን አወቅኩ።

ጥገናው ያሰብኩትን ያህል ቀላል አልሆነም። ስንጥቁ መጀመሪያ በሞረድ ይፋቃል፤ ብናኙ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ያሳክካል። ከዚያ የፋይበሩ ጨርቅ በሙጫ እየተነከረ በላይ በላዩ ይለጠፋል፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብም። ሰውየው መጀመሪያ ቀን አሳዩኝ፤ ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት እየመጡ አይተው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ። ከተማ ውስጥ ክፍል ይዤ ነበር፤ ጀልባዋን ትቼ መሄድ ግን አልሆነልኝም። ሥራው እንዲፈጥን ብዬ አልጋው ላይ ማደር ጀመርኩ። ቢምቢ ስለሚያስቸግረኝ መስኮቱን እዘጋለሁ። ባለቤቴ በየቀኑ ትደውላለች፤ "በርሜልህ እንዴት ዋለች?" ብላ ትስቃለች፤ እኔም የለጠፍኩትን እነግራታለሁ።

በአሥረኛው ቀን ገደማ ሳወራት ሳል ያዘኝ።

"ይህ ምንድን ነው?" አለች።

"ብርድ ነው።"

"የዝዋይን ሙቀት አውቃለሁ። ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ሁለት ሦስት ቀን ቢሆነው ነው። ሙጫው ትንሽ ይሸታል።"

"የት ነው የምታድረው?"

"እዚሁ ነኝ።"

"እዚሁ የት?"

"ጀልባዋ ውስጥ።"

"መስኮቱ?"

"ቢምቢ ስላለ..." ስል ስልኩ ተዘጋ። መልሼ ደወልኩ፤ አላነሳችም። በማግሥቱም አላነሳችም። ልጄ ጋ ብደውል እሷም አታነሳም። ያንን ሁሉ ሳቅ ካገኘሁ በኋላ በገዛ እጄ ያጠፋሁት መሰለኝ። ክፉኛ ከፋኝ። ሙጫ መለጠፉን ትቼ ቁጭ አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ስልኬ ጮኸ። ልጄ ናት። "አባዬ፣ መናኸሪያ ና" አለችኝና ዘጋች። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ልሂድ እንዴ ብዬ ግራ ገባኝ፤ ከዚያ ነገሩ ብልጭ ሲልልኝ ባጃጅ ውስጥ እንዴት እንደገባሁ አላስታውስም።

ሁለቱ ከሚኒባስ አጠገብ ቆመዋል። ባለቤቴ አቧራ ለብሳለች። አንገቷ ላይ ሻርፗን ሁለት ጊዜ ጠምጥማዋለች፤ የቦርሳዋን ማንገቻ በሁለት እጇ አጥብቃ ይዛለች። ሰላም አላለችኝም። በአውራ ጣቷ የታችኛውን የዓይኔን ቆብ ጎትታ አየች። ከዚያ አዞረችኝና በመናኸሪያው ሰው ሁሉ ፊት ጆሮዋን ጀርባዬ ላይ ለጠፈች።

"ተንፍስ" አለች።

ተነፈስኩ።

"እንደገና።"

እንደገና ተነፈስኩ። ረዳቶቹ መጥራታቸውን ትተው ያዩናል። "ትንሽ ነው" አለች። "የስም መካኒክ ነህ፤ በሙጫ ሽታ መስኮት ተዘግቶ ይታደራል?" አለችኝና ቦርሳዋን አሸከመችኝ።

ጀልባዋ ጋ ስንደርስ መጀመሪያ ያደረገችው መስኮቱን መክፈት ነው። ፍራሹን አውጥታ ፀሐይ ላይ ጣለችው። የሙጫው ቆርቆሮ እስኪከደን ድረስ አላወራችኝም። ከዚያ በኋላ ነው ጀልባዋን የዞረቻት። ሆዷ ላይ የለጠፍኩትን ቁስል ነክታ "ስፌትህ ጠማማ ነው" አለች። መወጣጫው ላይ እግሯን አኑራ ወጣች፤ እጄን አልፈለገችም። በሩን ከውስጥ ቆልፋ ከፈተችው። ፍራሽ የሌለው አልጋ ላይ ተጋድማ እግሯን ዘረጋች። ከመንገዱ ድካም የተነሣ እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት፤ መስኮቱ ክፍት ነው።

እኔና ልጄ ውጭ ግንዱ ላይ ተቀመጥን። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ገበሬው ቲማቲሙን እያጠጣ ነው። እንዴት ይዘሻት መጣሽ አልኳት ልጄን።

"እኔ መች ይዣት መጣሁ" አለችኝ። "ትናንት ምሳ ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት እማዬ ናት። ብቻዋን።"

"ሳትደውልልሽ?"

"ሳትደውልልኝ። ላቧ ይንጠባጠባል፤ ግን ቁጣ ላይ ናት። 'አባትሽ መስኮት ዘግቶ ራሱን ሊገድል ነው፣ ልብስሽን ልበሺና ነይ' አለችኝ።"

ሳቅኩ፤ ሳሌ መጣ። ልጄ ግን አልሳቀችም።

"ልብሴን ለብሼ ስወጣ አጣኋት" አለች። "ቤቱን እየዞረች ታያለች። መኝታ ቤቱን፣ ኩሽናውን፣ ሽንት ቤቱን ሁሉ። ቤቴን ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። ሳሎን ስደርስ የሠርጋችን ፎቶ ፊት ቆማለች። አንተን፣ አክስቶቼን፣ የባሌን ቤተሰብ አንድ በአንድ እያየች ቆየች።"

"ምን አለች?"

ልጄ ወደ ጀልባዋ መስኮት ዞር ብላ እናቷ መተኛቷን አረጋገጠች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"'ፈርቼ ነው የቀረሁት' አለችኝ። አባዬ፣ እማዬ ፈራሁ ስትል ሰምቻት አላውቅም።"

እኔም ሰምቻት አላውቅም።